እህቴን ነዋሪ ስላደረጋችሁልን

ለቡርቃ ሶራ ጤና ጣቢያ ኃላፊ
ሱሉልታ

ግልባጭ፦ ለካርድ ክፍል፤ ለቀበሌው ነዋሪዎች ምዝገባ፤ እንዲሁም ይህንን በጤና ጣቢያው አጥር ላይ ተለጥፎ አይቶ ቆሞ ለሚያነብ ሁሉ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤና ይስጥልኝ ልል ነበር። ነገር ግን በእርስዎ ግቢ ጤና የሚሰጠው ካርድ ላወጣ ሰው ብቻ መሆኑን ስለማውቅ፣ እርስዎም ካርድ ይኑርዎት አይኑርዎት ስላላጣራሁ፣ ደንብ እንዳልተላለፍ ሰላምታዬን በአክብሮት ብቻ እወስናለሁ። ልጆች ካሉዎት ጉሮሯቸውን እንዳያማቸው፣ ካመማቸውም አድራሻቸው የታወቀ እንዲሆን ከልቤ እመኛለሁ።

ስሜ ቢኒያም መልከጼዴቅ ነው፤ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ባለፈው ጥቅምት በአሥራ አራት ዓመቷ የሞተችው የሮዳስ ታላቅ ወንድም ነኝ። ይህንን የምጽፈው ለእርሷ ብዬ አይደለም፤ ለእርሷ የሚደረገው ሁሉ ተደርጎ አልቋል። የምጽፈው ስለ ሰባት ዓመቷ እህታችን ስለ ቢታንያ ነው። ቢታንያ ጉሮሮዋን አሟት ሰነበተች፤ አሁን ደግሞ ጉልበቷ ማበጥ ጀምሯል። ሮዳስንም የጀመራት እንዲሁ ነበር። ወደ ጥያቄዬ ከመግባቴ በፊት ግን የሚገባችሁን ምስጋና በተራ ቁጥር ማቅረብ ግዴታዬ ነው።

1ኛ. እውነት መናገር ምን እንደሚያስከትል ለቤተሰባችን ስላስተማራችሁልን አመሰግናለሁ። ባለፈው ግንቦት ከአዲሱ ገበያ ለቀን እዚህ ሱሉልታ ኦቦ ባይሳ ግቢ ተከራይተን ገባን። በዚህ ሰፈር እንደሚታወቀው ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው አልጋውንና ቁም ሳጥኑን ይጭናል እንጂ መታወቂያውን አይመልስም። እዚህ ያድራል፤ ሲያመው ግን እዚያው በድሮ ቀበሌው ይታከማል። አባቴ አናጺ ነውና የተዛባ ነገር አይወድም፤ ሰው የሚኖረው በሚያድርበት ነው ብሎ መታወቂያውንና የጤና መድን ደብተራችንን አስረክቦ መሸኛ ተቀበለ። ጎረቤታችን ዱርሲቱ ይህን ስትሰማ እጇን አፏ ላይ ጭና፣ "ጋሼ መልኬ፣ መታወቂያ ይመለሳል እንዴ! ጥርስን አውልቆ እንደመስጠት እኮ ነው!" አለችው። ያን ቀን ሁላችንም ሳቅን። አባቴም ሳቀ።

2ኛ. የአሠራራችሁን ጥራት ሳላደንቅ ማለፍ አልችልም። ሮዳስ የልብ ሕመምተኛ ነበረች። በልጅነቷ የታመመችው ጉሮሮ የልቧን በር ጎድቶት፣ እንዳይብስባት በየአራት ሳምንቱ አንድ የፔኒሲሊን መርፌ መወጋት ነበረባት። አንድ መርፌ ብቻ፤ እናንተ ፍሪጅ ውስጥም ነበረ። ቀበሌው የአዲስ ገቢ ምዝገባ እስከ ሌላ ማስታወቂያ መቆሙን ነገረን። ካርድ ክፍላችሁ የቀበሌ መታወቂያ የሌለው ሰው የክትትል ካርድ እንደማይወጣለት ነገረን። የድሮው ጤና ጣቢያችን የራሳችንን መሸኛ አውጥቶ አሳየንና መልቀቃችንን ነገረን። የግል ክሊኒኮቹም ይህ መርፌ ያልተስማማውን ሰው ሊገድል ስለሚችል፣ የመንግሥት የክትትል ወረቀት ሳያዩ እንደማይነኩት ነገሩን። አራት በር አንኳኩተን አራቱም በትሕትና ተዘጉብን። ማንም አልሰደበንም፤ ይህንንም በምስጋናው ላይ ይያዙልን።

የካርድ ክፍሉ ሠራተኛም ጨዋ ሰው ነው። "የኔ እህት፣ ቀበሌሽን ካልሞላሁ ኮምፒውተሩ ወደሚቀጥለው ገጽ አያሳልፈኝም" አላት። ሮዳስም፣ "ታዲያ ጉም ውስጥ ብለህ ሙላዋ! ጠዋት ጠዋት እኛም ሌላ ነገር አይታየንም" አለችው። ከልቡ ሳቀ። ገጹ ግን አላለፈም።

3ኛ. ሽማግሌ ስላከበራችሁ አመሰግናለሁ። አከራያችን ኦቦ ባይሳ፣ አያት ቅድመ አያታቸው በዚሁ መሬት ያረሱ፣ ሁለት ጎረቤቶቻቸውን ይዘው ሊመሰክሩልን ቀበሌ ሄዱ። አከራይ ለተከራዩ አይመሰክርም ተባሉ። እርሳቸውም በኦሮምኛ ጀምረው በአማርኛ ጨረሱት፦ "እኔ ግቢ የሚያድረውን እኔ ካላወቅሁ እናንተ ከየት አወቃችሁት? ይቺ ልጅ በየማለዳው 'አካም ቡልቴ ኦቦ' ብላ ሰላም ትለኛለች፤ ከአዲስ አበባ በስልክ ነው የምትለኝ?" ጸሐፊዋ ወንበር ሰጠቻቸው፤ ውኃም አቀረበችላቸው። ከዚያ በላይ ልታደርግላቸው የምትችለው ነገር አልነበረም።

ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ፣ መስከረም እንዲህ አለፉ። ትምህርት ሲከፈት በባዮሎጂ ክፍል ልብን ሣልን። ሮዳስ ደብተሬ ላይ አጎንብሳ፣ "ዶክተር ቢኒ፣ የኔን ከሆነ የምትሥለው ይቺን በር ትንሽ አዛባት" አለችኝ። እኔ ግን የመጽሐፉን ልብ ሣልኩ። መምህሩ አሥር ከአሥር ሰጠኝ።

የጥቅምቱን ነገር በተራ ቁጥር ማስቀመጥ አልሆነልኝም፤ ስለዚህ ዝም ብዬ እጽፈዋለሁ። ማክሰኞ ረፋድ ላይ ትንፋሽ አጠራትና ተሸክመን ወደ እናንተ አመጣናት። አባቴ ካርድ ክፍል ተሰለፈ። እኔ አግዳሚው ላይ ደግፌያት ተቀመጥኩ። ሲስተር ሊቤ የምትባለው ነርሳችሁ በኮሪደሩ ስታልፍ አይታት፣ ማንንም ሳትጠይቅ ይዛት ገብታ ኦክስጅን አደረገችላት። ሮዳስ ትንሽ ቀለላት። ነገር ግን አምቡላንስ የሚታዘዘው በሪፈር ነው፣ ሪፈር የሚጻፈው በካርድ ቁጥር ነው፣ ካርድ የሚወጣው በቀበሌ መታወቂያ ነው። ስለዚህ አባቴ የአዲሱ ገበያ ሚኒባስ አስቆመ። ተሳፋሪዎቹ ሦስት ወንበር ለቀቁልን፤ ሾፌሩም እስከ ዳገቱ ጫፍ ጥሩምባውን አላቋረጠም። ሮዳስ "መስኮቱን ክፈቱልኝ" ትል ነበር። ተከፍቷል እንላት ነበር። የእንጦጦን ቁልቁለት ስናጋምስ መጠየቋን ተወች። አባቴ ሾፌሩን እንዲመልሰን ለመነው።

ሲስተር ሊቤ በበኩሏ ካርድ ላልወጣላት ታካሚ ኦክስጅን በመጠቀሟ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እንደደረሳት ሰምቻለሁ። ፍጥነታችሁን አደንቃለሁ፤ ማስጠንቀቂያው የደረሳት እኛ ከለቅሶው ሳንነሣ ነው።

4ኛ. ዋናው ምስጋናዬ ይህ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ለቀብር የቀበሌ ደብዳቤ ስለሚፈልግ አባቴ በማግስቱ ያው የቀበሌው መስኮት ፊት ቆመ። ምስክር አልተጠየቀም። መሸኛም አልተጠየቀም። ሻይ ተጠጥቶ በማያልቅበት ጊዜ ውስጥ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ተሰጠው፦ ሮዳስ መልከጼዴቅ በቀበሌያችን፣ በኦቦ ባይሳ ግቢ፣ የቤት ቁጥር አዲስ፣ ነዋሪ መሆኗን እናረጋግጣለን። አምስት ወር ሙሉ ሕይወቷን ይዛ ስትመላለስ ያላገኘችውን ይኸው አገኘች። አሁን ከቤታችን የሱሉልታ ነዋሪነቷ የተረጋገጠላት እርሷ ብቻ ነች።

አባቴ ያንን ወረቀት ቅጂ አስነሥቶ ባለፈው ሰኞ ቢታንያን ይዞ ወደ ካርድ ክፍላችሁ መጣ። ሠራተኛው አነበበው፤ ቀና ብሎ አባቴን አላየውም። እህት የዚህ ቀበሌ ነዋሪ ከሆነች ታናሿም በእርሷ በኩል ልትመዘገብ ትችላለች ብሎ ጊዜያዊ ካርድ አወጣላት። ኮምፒውተሩም ወደሚቀጥለው ገጽ አለፈ። ቢታንያ የመጀመሪያ መርፌዋን ተወጋች፤ አላለቀሰችም። ያለቀሰው አባቴ ነው፤ በመሸኛው ቀን ስለሳቀ ይመስለኛል። ቤት ውስጥም "መታወቂያውን ማን መልስ አለኝ" እያለ ይደጋግማል። እኔም አንተ ምንም አላጠፋህም ለማለት እነሣለሁና የተናገረው እውነት ወዴት እንዳደረሰን ሳስበው ወደዚህ ደብዳቤ እመለሳለሁ።

ስለሆነም የቢታንያ ጊዜያዊ ካርድ ቋሚ እንዲሆንላት፣ መታወቂያ ሳይኖራቸው መርፌና መድኃኒት የሚጠብቁ ሌሎች ተከራዮችም ምዝገባው እስኪከፈት ባሉበት እንዲታከሙ፣ የሲስተር ሊቤም ማስጠንቀቂያ እንዲነሣላት በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ።

ለመስኮታችሁ ጽናት፣ ለማኅተማችሁ ጥራትና ለትዕግሥታችን ርዝመት ያለኝን አድናቆት እየገለጽኩ፣ በእህቴ በሮዳስ በኩል የዚህ ከተማ ነዋሪ ለመባል ተስፋ የማደርግ፣

ታዛዥዎ ቢኒያም መልከጼዴቅ
የቤት ቁጥር አዲስ

ማሳሰቢያ፦ ደብዳቤውን ልለጥፍ ስል የቀብሩን ወረቀት ግርጌ አነበብኩት፤ የሚያገለግለው ለሦስት ወር ብቻ ነው ይላል። ካርድ ክፍላችሁንም ጠየቅሁ፤ ጊዜው ሲያልፍ የቢታንያ ካርድ እንደሚዘጋና ተመሳሳይ አዲስ ማስረጃ ማቅረብ እንዳለብን ተነገረኝ። ከቤታችን የቀረነው አባቴ፣ እናቴ፣ ቢታንያና እኔ፣ አራት ነን። የሚቀጥለውን ማስረጃ ማን እንዲያመጣ እንደሚፈልጉ ስሙን አስቀድመው በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ቢለጥፉልን፣ ሰልፉን በጊዜ እንይዝ ነበር።