ሽቦውን እንዳትሻገር

ይድረስ ለልጄ ለይሄነው፤ የደብራችን ሚካኤል በክንፉ ይጋርድህ። እኛ ከሐዘኑ በቀር ደህና ነን። ገብሱ ታጭዷል፤ በአቀስታ በኩል ግን ተኩሱ አልበረደም።

የወንድምህ የብዙአየሁ ሬሳ ደርሶ ቀበርነው። የዘገየው፣ የተገደለበትን ሰሜን ቆጵሮስን ከቱርክ በቀር አገር ብሎ የሚያውቀው መንግሥት ስለሌለ፣ የእኛም ኤምባሲ እዚያ ስለሌለ ነው አሉን። ደሴቲቱ በ1966ቱ ጦርነት ለሁለት እንደተከፈለች ሲያስረዷቸው፣ አባትህ መሪጌታ «የሐዋርያው የበርናባስ አገር እንዲህ ሆነች?» ብለው አለቀሱ።

ሳጥኑን «አይከፈትም» ቢሉኝም አስከፈትኩት። አንገቱ ላይ ተወግቷል፤ መዳፉም እስከ አጥንቱ ተሰንጥቋል። ልጄ ስለቱን በባዶ እጁ ይዞ ነው የታገለው።

አጎትህ ቢተው መቃብሩ ላይ ቆሞ ወደ ሰማይ ተኮሰና፣ «ገዳዩን እናውቀዋለን፤ ይሄነው ተሻግሮ ደሙን ይመልስ!» ብሎ ፎከረ። እኔም አፈሙዙን ይዤ፣ «አንዱን ቀብሬ ሁለተኛውን አልሰጥህም!» አልኩት። ጠመንጃውን ነጥቆ በሰደፍ ጎኔን መታኝ፤ ወደቅሁ። እስካሁን ስተነፍስ ይወጋኛል።

ስልክህን አግኝቷልና ይደውልልሃል፤ «ወንድ ከሆንክ» ይልሃል። አንተ ያለኸው በደቡቡ በኩል ነው፤ ገዳዩ ደሴቲቱን ለሁለት ከከፈለው ሽቦ ማዶ ነው። ያን ሽቦ የደሴቲቱ ሰው ይረግመው ይሆናል፤ እኔ ግን አንተን ይዞልኛልና እመርቀዋለሁ።

በጠባኸው ጡት ይዤሃለሁ፣ እንዳትሻገር። ፈሪ ቢሉህም ፈሪ ሁንልኝ። ዕድሜህን ያርዝመው፤ ወልደህ ለመሳም ያብቃህ፤ ወንድ ከሆነ ብዙአየሁ በልልኝ።

እናትህ አበዛሽ