ጉሮሮው ንጹሕ ነው ያልሽኝ ቀን

ውድ እናኑ፣

መጀመሪያ ቁጭ በይ። የልጅ ልጅሽ ድናለች። ልጅሽ እየሩስ ይህን ስታነብልሽ ዕፀገነት ጀርባዋ ላይ ናት፤ ግንባሯን ዳሰስ አድርጊ፣ ትኩሳቱ ለቋታል። ሌላውን ከዚያ በኋላ ስሚኝ።

ከእየሩስ ሌላ የሚያነብልሽ እንደሌለ አውቃለሁ። ስለዚህ የምጽፈውን ሁሉ እሷም ትሰማለች፤ እንድትሰማም ፈልጌ ነው። እኔ ያው እንደምታውቂኝ ነኝ፣ ሰው ፊት አፌ አይፈታም። ባሌ ባንታምላክ ከሞተ በኋላ ግን ብቻዬን ፊደል ቆጠርኩ። በጸሎት መጽሐፍ ጀምሬ ዛሬ ከመድኃኒት ካርቶን ውስጥ የሚወጣውን ወረቀት ሳይቀር አነባለሁ። ፊት ለፊት የማይወጣኝ ነገር በጽሑፍ እንደሚወጣኝ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

እየሩስ ከፋሽጋ የእርሻ ካምቦ የመጣችው በትራክተር ተሳቢ ላይ ተጭና ነው። እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆና፣ ሕፃኗን በለበሰችው ቶብ ጠቅልላ በሬ ላይ ቆመች። ትንሽ ልጅ ሳለች ነው የማውቃትና አልለየኋትም። ቅንድቧን ሳይ ግን አንቺን አየሁ።

«ኻልቲ ዘቢብ፣ እናቴ እናኑ ናት የላከችኝ» አለች። «የካምቦው ሴቶች ሁሉ እንጥሏ ወርዷል አሉ። እናቴ ደግሞ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ዘቢብ ዘንድ ሂጂ፣ የሚሆነውን እሷ ታውቃለች አለችኝ። እንጥል ቆራጭ ፈልጊልኝ።»

ሕፃኗን ተቀበልኳት። ትፋጃለች። ጡት ሲሰጧት ትተፋዋለች፣ ቆይታ ደግሞ ጭራሽ አትይዘውም። እናኑ፣ ያንን ትኩሳት አውቀዋለሁ። ክንዴ ያውቀዋል።

ዋሸኋት። «ቆራጭ አለች፣ ነይ ተከተይኝ» ብዬ ራክሻ አስቆምኩና ወደ ጤና ጣቢያው ወሰድኳት። ግቢው ከጦርነቱ በሸሹ ሰዎች ተጨናንቋል፤ መቆሚያ እንኳ የለም። እየሩስ ነጭ ጋዋን ስታይ እጄን መነጨቀችው።

«ይሄ መርከዝ ነው እኮ!»

«አውቃለሁ።»

«ቆራጭ አለች ብለሽኝ! ወላሂ፣ በዚህ ዕድሜሽ ትዋሻለሽ? አማቴ መርፌ እንዳትነካት ብላ አስምላኛለች። እንጥሏ የወረደ ልጅ መርፌ ከተወጋች ታልቃለች። አንቺ ደግሞ ልጅ ያሳደግሽ ይመስል...»

አልጨረሰችውም። ምን ልትል እንደነበር ሁለታችንም አውቀናል። ከኋላችን የቆመ አንድ የመተማ ሰው «እናንተ ሴቶች፣ ልትጣሉ ከሆነ ወረፋውን ልቀቁልን!» አለ። ሳቅ ተሰማ። ወዲያው ሕፃኗ ዓይኗን ገለበጠች፤ እጅና እግሯ ደርቆ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ያው ሰውዬ ሰልፉን በክንዱ እየከፈተ «አሳልፏቸው! ልጅቷ ልታልፍባቸው ነው፣ አሳልፏቸው!» ብሎ ጮኸልን።

የተቀበለችን ነርስ አብረኸት ትባላለች። ከትግራይ ተሰዳ ካምፕ የኖረች ናት። «ኣደይ፣ እዚህ ያስተኟት» አለችኝ። የሕፃኗን ጣት ወግታ ጠብታ ደም በትንሽ ፕላስቲክ ላይ አኖረች። እዚያው እያየን ሁለት መስመር ወጣ።

«ወባ ነው። ጠንቶባታል፣ መርፌ አሁኑኑ ያስፈልጋታል።»

«እንጥሏስ?» አለች እየሩስ።

አብረኸት አልተቆጣቻትም። ባትሪ አብርታ የሕፃኗን አፍ ከፈተችና «ነይ፣ በዓይንሽ እዪው። ጉሮሮዋ ንጹሕ ነው» አለቻት።

የሰማሁት ያንቺን ድምፅ ነበር።

ልጄን ዘመኑን ይዤልሽ የመጣሁ ቀን ምላሱን በማንኪያ ጀርባ ተጭነሽ አየሽ። «ዘቢብዬ፣ ጉሮሮው ንጹሕ ነው። ይሄ የኔ ሥራ አይደለም፣ ሐኪም ዘንድ ውሰጂው» አልሽኝ። መንገዱ ጭቃ ነበር። ባንታምላክ ከነትራክተሩ ከወንዙ ማዶ ቀርቷል። ልጄ እየነደደ እጄን አጣጥፌ መቀመጥ አልቻልኩም። እግርሽ ላይ ወደቅሁ። አሁንም እምቢ አልሽ። ያኔ «ያንቺ ልጅ ቢሆን ትተይው ነበር?» አልኩሽ። ምላጩን ያነሳሽው በዚያ ቃል ነው።

እስከዚህ ታውቂዋለሽ። የማታውቂው በማግስቱ የሆነውን ነው። የሕክምና መኪና ጭቃውን ጥሶ ካምቦው ገባ። አንቺ ውኃ ልትቀጂ ወርደሽ ነበር። ሐኪሙ በየሣር ቤቱ፣ ከረኩባ ረኩባ እየዞረ «የታመመ ልጅ አለ?» ይላል። እኔ ዘመኑን ከማሽላ ጆንያ ጀርባ አስተኝቼ በነጠላዬ ሸፈንኩት። የተቆረጠ ልጅ መርፌ አይነካውም ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ሐኪሙ የኔ በር ላይ ቆሞ ሲጠይቅ «የለም» አልኩት። እንዲያውም ሻይ ልስጥህ ብዬዋለሁ።

መኪናው ሄደ። ልጄም አልቆየም።

ለቅሶው ላይ ሴቶቹ «የእናኑ ምላጭ በላው» ሲሉ ሁለታችንም ሰምተናል። ለምኜ አስቆረጥኩት አላልኩም። ሐኪም ከደጄ መለስኩ አላልኩም። ባንታምላክም ሳይሰማው ሞተ። ዕቃሽን ሎሪ ላይ ጭነሽ ስትሄጂ እኔ ማሽላ የማበጥር መስዬ አጎንብሼ ነበር። ሰፌዱ ባዶ ነበር፣ እናኑ።

ይቅር በይኝ ብዬ እዚህ አልጽፍም። ልጅሽ እያነበበችልሽ እምቢ ማለት ይከብድሻል። እሱን ፊትሽ ቆሜ እጠይቅሻለሁ፤ ያኔ የፈለግሽውን ትመልሻለሽ።

መርፌውን ሲወጓት እየሩስ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። በሕፃኗ ክንድም ጉሉኮስ ተተከለ። ዕፀገነት ጡት የያዘች ዕለት እናቷ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች፤ እኔን ግን አላናገረችኝም። አብረኸትን ብቻዋን ሳገኛት «ያኔ ሐኪሙን ባልመልሰው ልጄ ይተርፍ ነበር?» ብዬ ጠየቅኋት። «አላውቅም፣ ኣደይ። ልዋሽዎት አልችልም» አለችኝ። ይተርፍ ነበር ብትለኝ ይሻል ነበር ወይስ አይተርፍም ብትለኝ፣ እሱንም ለይቼ አላውቀውም።

አሁን ለሕፃናት የወባ ክትባት መጥቷል። በእኛ ጊዜ የነበረው አጎበርና ጭስ ነው። ክትባቱ ፈጽሞ ይከላከላል አይሉም፤ አጎበሩም አይቀርም። ግን እንዲህ ያለው ጽኑ ሕመም ይቀንሳል ይላሉ። ዕፀገነት ካገገመች በኋላ የመጀመሪያውን ተወጋች። እግሯን የያዘችላት እየሩስ ራሷ ናት። ችግሩ አንድ ጊዜ ተሰጥቶ የሚያበቃ አለመሆኑ ነው፤ እየተመለሱ ማስጨረስ ያስፈልጋል። የሚቀጥለው የሰሊጥ አጨዳ ላይ ይውላል።

«አጨዳ ላይ ማን ይለቀኛል?» አለች እየሩስ፤ መጀመሪያ ያናገረችኝም ይህንኑ ነው። «ያኔ ሐቡባዋ ጋ ናት።»

ሐቡባዋ፣ አያቷ፣ ደግሞ አንቺ ነሽ። ሕፃኗን ማምጣት የምትችዪው አንቺ ብቻ ነሽ። እጅሽ ቢንቀጠቀጥም ልጅ ለማቀፍ አያንስም።

የምፈራው መንገዱን አይደለም። እዚያ ያሉትን ሴቶች ነው፤ አማትየዋንም። ሕፃኗ በሳለች ቁጥር መርፌው ነው ይሉሻል፣ እንጥሏ ነው ይሉሻል። አንዷ እንደ እኔ እግርሽ ላይ ትወድቃለች፣ ያንቺ ልጅ ብትሆን ትተያት ነበር ትልሻለች። አሁን የአንቺው ልጅ ናት። ያኔ እኔ ያስዋጥኩሽን የእምቢታ ቃል መልሰሽ ተናገሪው።

አንድ ነገር ደግሞ ንገሪኝ። ይህ ሁሉ ሰው እያለ ወደ እኔ የላክሻት ለምንድን ነው? ቆራጭ እንዳገኝላት ነው ወይስ እንዳላገኝላት? ስትመጪ ትነግሪኛለሽ።

ወረፋው ላይ አብሬሽ እቆማለሁ። ነርሷ ብቅ ብላ ማን ልጅ ይዟል ስትል፣ እጄን አንስቼ እኛ ጋ አለ እላለሁ።

የዘመኑ እናት ዘቢብ
ገዳሪፍ