እማዬ ተነሣች ብዬ ያመሰገንኩበት እሑድ

ለውድ ወንድሜ ለጴጥሮስ፣

ወንድም ጋሼ፣ እንዴት ሰንብተሃል? ጉልበትህ ተሻለህ? ንጋቷስ፣ ልጆቹስ? የማጂ ብርድ አልጠናባችሁም? እኔ ቆሜ እሄዳለሁ። ስለ እማዬ በስልክ የነገርኩህ ግን እውነት አይደለም። ከአልጋዋ አልተነሣችም። ደውዬ እንዳልነግርህ አጠገቧ ሆኜ ነው የማወራው፣ ሁሉን ትሰማለች። ስለዚህ ጻፍኩ።

መስከረም ላይ እንቅልፍ አጥቼ ጤና ጣቢያ ሄጄ ነበር። ምሕረት የምትባል ነርስ በየቀኑ የምታመሰግኚባቸውን ሦስት ነገሮች ጻፊ፣ ይቀልልሻል አለችኝ። በሆዴ ሳቅኩባት። ግን ጻፍኩ። ውኃ መጣ። እማዬ ግማሽ ሙዝ በላች። የተሰጣው ቡና ዝናብ ሳይነካው ገባ። እውነትም ቀለለኝ። ጠዋት ስነቃ ደረቴ ላይ የሚቀመጠው ነገር ዘግይቶ መምጣት ጀመረ።

ጥቅምት ላይ አንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ለምስክርነት ተነሣሁና የጻፍኩትን አነበብኩ። ውኃ፣ ሙዝ፣ ቡና። ማንም አሜን አላለም። አፈርኩ መሰለኝ። «እናቴም ተነሥታ ሄደች» አልኩ። ገና ላልሆነው አስቀድሞ ማመስገን እኛ ዘንድ እምነት ነው፣ ታውቃለህ። አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። እኔም ለአንድ ቀን አመንኩት። ላንተ የደወልኩት ያን ቀን ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ሆኜ ነው። ልትመጣ ተነሥተህ የቀረኸውም በእኔ ምክንያት ነው።

ተራ ገብተው ያጥቧትና ያገላብጧት የነበሩት የጉባኤው እህቶች ከማግስቱ ጀምሮ ቀሩ። ድናለች ብያቸው ምን ሊያደርጉ ይመጣሉ? እማዬ ስትጠይቀኝ ቡና ለቀማ ላይ ናቸው አልኳት። ብቻዬን ማገላበጥ አቃተኝ። ጀርባዋ ቆሰለ። ቁስሉ ጠልቋል።

ባለፈው ማክሰኞ ጎረቤታችን እትዬ እማዋይሽ «ተነሡ አሉ፣ እንኳን ደስ አለዎት!» እያሉ ገቡ። አልጋው ላይ ሲያዩዋት ክው አሉ። እማዬ ዞራ አየችኝ። «መሄዴን ከእኔ በቀር አገር ሁሉ ሰምቷል ማለት ነው» አለችና ሳቀች። ስትስቅ ቁስሉ ያማታል።

ከዚያ ወዲህ እትዬ እማዋይሽ ጠዋት ጠዋት እየመጡ ያግዙኛል። ምሕረትም መጥታ ቁስሉን አየችው። ሆስፒታል ትተኛ፣ ልጆቿ ሁሉ ቢቀርቧት ጥሩ ነው አለች። ከዚያ በላይ አልጠየቅኳትም።

ምስጋናውን የምጽፍበትን ደብተር አልተውኩትም። አሁን ግን የሆነውን ብቻ እጽፋለሁ፣ ሦስት የማይሞላበት ቀን ብዙ ነው። የፊታችን እሑድ እዚያው ቦታ ቆሜ ዋሽቻለሁ እላለሁ። ከጉባኤው ይልቅ የፈራሁት አንተን ነበር።

ንጋቷን፣ ቤኪን፣ ትንሿን ሆሳዕናን ሳምልኝ። እትዬ እማዋይሽ ሰላም ብለውሃል። እማዬም ሰላም ትልሃለች። ደህና ነች በይው፣ ከሥራው እንዳይለይ ብላኛለች። አትስማት። ና።

እህትህ ማራናታ
ሚዛን ተፈሪ፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.