ሦስት ድግስ በአንድ ቅዳሜ

ሴፕቴምበር 9፣ ማክሰኞ

ከጌም ዲዛይን ክላስ በኋላ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይብረሪ ተገናኘን። እኔ፣ ማቲ፣ ቤዚ። የሴሚስተሩን ጌም አብረን ልንሠራ። ማቲ ኮድ ይጽፋል፣ ቤዚ ትስላለች፣ እኔ ደግሞ... ፕሮዲውሰር ተብያለሁ። ምን እንደሚሠራ እንጃ።

ሐሳቡ የእኔ ነው። አንድ ቅዳሜ፣ ሦስት ድግስ። ጠዋት አሌክሳንድሪያ ከተማ ክርስትና፣ ቀን በርክ ከተማ ምርቃት፣ ማታ እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ ሰርግ። ተጫዋቹ ሦስቱም ጋ መድረስ አለበት። ግን የትኛው ባለድግስ ይለቀዋል? "ብላ እንጂ! ገና መምጣትህ አይደል?"

"አሪፍ ነው" አሉ ሁለቱም። ወዲያው።

ሴፕቴምበር 13፣ ቅዳሜ

ማቲ ፓርኪንግ መፈለግ ይግባበት አለ። አሪፍ ነው አልን። ቤዚ ልብስ መምረጥ አለች። አሪፍ ነው። እኔ ትራፊክ፣ ዝናብ፣ "የት ደረሳችሁ?" እያለች የምትደውል እናት ጨመርኩ። አሪፍ ነው።

አንድም ክርክር የለም። እንደኛ የተስማማ ቡድን አላየሁም።

ሴፕቴምበር 16፣ ማክሰኞ

አስተማሪው ፕላኑን አየና ሳቀ። "ይሄ የብዙ ዓመት ሥራ ነው።" ቀንሱ፣ መጀመሪያ በወረቀት ሠርታችሁ ሰው አጫውቱ አለ። በሚቀጥለው ሳምንት አርብ ካላጸደቀው ቡድኑ ይበተናል። እያንዳንዳችን ሌላ ቡድን ላይ እንለጠፋለን። ጌሙም እዚያው ይቀራል።

ምንም አልመሰለኝም። ራቴን ሳልበላ ተኛሁ።

ሴፕቴምበር 20፣ ቅዳሜ

አሌክሳንድሪያ፣ የቤዚ አክስት እትዬ አበዛሽ ቤት። ምንም አልቀነስንም። ማን የማንን ይቀንሳል? በካርቶን የሠራነውን እንዳለ አጫወትናቸው።

"እሰይ የኔ ልጆች! ጎበዞች!"

"አልሰለቸዎትም?"

"ኧረ በፍጹም!"

ጻፍኩ። አልሰለቻቸውም።

ከዚያ ምሳ። በቃኝ ብል ማን ሰምቶኝ። ከምሳ በኋላ ሁለተኛ ዙር ጀመርን። ጌሙ ላይ ፓርኪንግ ሲፈልጉ እንቅልፍ ይዟቸው ሄደ። ካርዱን እንደያዙ።

"ደክሟቸው ነው" አለ ማቲ። እሱንም ጻፍኩ። ደክሟቸው ነው... ነው?

ሴፕቴምበር 22፣ ሰኞ

ቤዚ አልመጣችም። ሌላ ቡድን ጠርቷት ኖሯል፣ ያውም ባለፈው ሳምንት። ከማቲ ነው የሰማሁት። ደወልኩላት።

"ልትሄጂ ነው?"

"ኧረ አይደለም..."

"ቤዚ፣ በናትሽ።"

"ጌሙ ይደብራል፣ ሩሃማ። መኪና ስስል ነው የምውለው። ደስ የሚለው እኮ ሰዎቹ ናቸው። በር ላይ ቆመሽ 'ልሂድ' ስትዪ የሚይዙሽ ነገር። እሱ ብቻ።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ደስ ብሎሽ ነበራ።"

ተናደድኩ። አፈርኩም። እኔስ? የማቲ ፓርኪንግ ከመጀመሪያውም አልጣመኝም። አሪፍ ነው ያልኩት እኔው ነኝ። እትዬ አበዛሽም የዋሹት እንደኛ ነው።

ሴፕቴምበር 24፣ ረቡዕ

ሕግ አወጣን። "አሪፍ ነው" ማለት ክልክል። ቤዚ መጣች። እሄዳለሁም አላለች፣ እቀራለሁም።

ፓርኪንግ ከጌሙ ወጣ። ማቲ አኮረፈ። ልብስ ወጣ፣ ዝናብ ወጣ፣ የምትደውለው እናት ወጣች። ማቲ የእኔም ሐሳብ ሲወጣ ትንሽ ፈገግ አለ።

ከዚያ ቤዚ፣ "ሁለቱ ድግሶችም ይውጡ" አለች።

ሦስቱ ድግስ እኮ ነው ሐሳቤ። የጌሙ ስም ራሱ እሱ ነው። ማቲን አየሁት፣ እንዲያድነኝ። "ልክ ነች" አለ።

እሺ አልኩ። ካልኳቸው እሺዎች ሁሉ ያመመኝ ይሄኛው ብቻ ነው።

የቀረው አንድ ቤት፣ አንድ በር፣ ሰው ሳታስቀይም ልትወጣ የምትሞክር እንግዳ።

ሴፕቴምበር 26፣ አርብ

ጸደቀ። ሰኞ ሥራ ይጀመራል።

ሲልቨር ስፕሪንግ ሜትሮ ባቡር ጣቢያው በር ላይ ቆመን፣ "እኛ ቤት እንሂድ፣ እማዬ ምሳ ሠርታለች" አልኳቸው። ማቲ ሳልጨርስ እሺ አለ።

"እኔ ዛሬ አልችልም" አለች ቤዚ። ምክንያት እንኳ አልፈጠረችም።

ኧረ ትንሽ ቀምሰሽ ትሄጃለሽ፣ ልላት አፌን ከፈትኩ። መልሼ ዘጋሁት።

"እሺ። ሰኞስ?"

"ሰኞ እመጣለሁ።"

አመንኳት።