ከቁርስ ስለ መመረቃችን የቀረበ ምስጋና

ለክቡር አቶ መልካሙ
የተማሪዎች ምገባ አስተባባሪ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎም መላው ቤተሰብዎም በሙሉ ጤና፣ በተለይም ቁርስ ላይ እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ደህና ነን ማለቴ ወጉ ስለሆነ ነው፤ ዝርዝሩ ከታች አለ።

ስሜ ጵርስቅላ ሽብሩ ይባላል። ከሆሳዕና ወጣ ብሎ፣ ባጃጆች ከዚህ በላይ አንሄድም ብለው ከሚመለሱበት ቦታ ግማሽ ሰዓት በእግር በሚያስኬደው ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል ሳስተምር ሃያ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ይህንኑ ጉዳይ በማመልከቻ ሦስት ጊዜ፣ በአካል ደግሞ ሁለት ጊዜ ይዤ መጥቼ ስብሰባ ላይ ናቸው ስለተባልኩ፣ ስብሰባው እስኪያልቅ ሌላው ሰው ያንብበው ብዬ በአደባባይ ጻፍኩት። እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ፤ ደክሞኝ ነው።

እንደሚያስታውሱት፣ ትምህርት ቤታችን ብዙ ልጆች የሚያቋርጡበት ነው ተብሎ አምና ምገባ ተፈቀደለት። በየጠዋቱ ገንፎ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ደግሞ ወተት ይሰጥ ጀመር። ልጆቹ ኩባያቸውን ቦርሳቸው ላይ አንጠልጥለው፣ ሰኞ ሰኞ ለማብሰያ የሚሆን አንድ አንድ እንጨት ይዘው ይመጡ ነበር። ያቋረጡት ተመለሱ፤ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ዴስክ ላይ ተደፍተው ያንቀላፉ የነበሩትም ነቁ። ዘንድሮ የካቲት ሲገባ ግን ከቢሮዎ ደብዳቤ መጣና፣ የማቋረጥ ችግሩ ስለተፈታ ትምህርት ቤቱ ከፕሮግራሙ ተመርቋል አለን። ልጆቹ የመጡት ገንፎው ስለመጣ ነው፤ ልጆቹ ስለመጡ ደግሞ ገንፎው ቀረ። ይህን ያሰበውን ሰው ዕድሜና ጤና ይስጠው፤ እኔ የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ስለሆንኩና ሒሳቤ እስከ ሃያ ድረስ ብቻ ስለሆነ አልገባኝም። ያልገባው ሰው ደግሞ ማመስገን እንጂ መጠየቅ አያምርበትምና፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ፦ ስለ ምረቃው በዓል አመሰግናለሁ። እንግዶች በሁለት መኪና መጥታችሁ ረዘም ያለ ንግግር ስታደርጉ ልጆቹ ኩባያቸውን እንደያዙ ፀሐይ ላይ ቆመው ዘመሩላችሁ። እንግዳ ሳይቀምስ አይሸኝምና ማድ ቤት የተረፈችው የመጨረሻዋ ጀሪካን ወተት ለእናንተ ሻይ ገባች። የተመረቁት እነሱ፣ የጠጣችሁት እናንተ መሆናችሁ ልጆቹን ትንሽ ግር ብሏቸው ነበር፤ ልጅ መቼም ምን ያውቃል! እርስዎ ግን ሁለት ብርጭቆ ጠጥተው የወተቱን ጥራት ማድነቅዎን አብሳያችን ወይዘሮ ሀሚዳ እስከ ዛሬ ያነሱታል።

፪ኛ፦ በባለመስታወት ፍሬም ስለተደረገው የምስክር ወረቀት አመሰግናለሁ። የርእሰ መምህሩ ቢሮ ግድግዳ ስለጠበበን ማድ ቤት ውስጥ፣ የገንፎው ማማሰያ ይንጠለጠልበት በነበረው ሚስማር ላይ ሰቅለነዋል። ወይዘሮ ሀሚዳ ሌላ የሚያጥቡት ዕቃ ስለሌላቸው በየሳምንቱ እሱን ይወለውሉታል።

፫ኛ፦ ልጆቹ ስላሳዩት ትዕግሥት ልናገር፤ ይህ እንኳ የእርስዎ ሥራ አይደለም። ገንፎው ከቆመ በኋላ ለስምንት ቀን ያህል ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ማንም ሳያዛቸው ተሰለፉ። ገሚሶቹ ዓይናቸውን ጨፍነው ስለ ምግቡ እየጸለዩ፣ ገሚሶቹ ቢስሚላሂ እያሉ፣ ኩባያቸውን ይዘው ቆሙ። ወደ ክፍል ግቡ ብዬ የምበትናቸው እኔ ነበርኩ። ላልመጣ ምግብ ምስጋና ሲቀርብለት ፈጣሪ ምን እንደሚል አላውቅም፤ እኔ ግን አፈርኩ። እንጨቱንም ሰኞ ሰኞ ማምጣት አልተዉም፤ ክምሩ የማድ ቤቱን መስኮት ሸፍኖታል። እንጨት አለ፣ ድስት አለ፣ ወይዘሮ ሀሚዳም አሉ፤ ወተቱን እንደሆነ ላም አለኝ በሰማይ ብለን ትተነዋል።

አራተኛው ላይ ምስጋናዬ ያልቅብኛል፤ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ሐዳሳ የምትባል የስምንት ዓመት ተማሪ አለችኝ። ቤታቸው ከወንዙ ማዶ ስለሆነ ጠዋት ከአንድ ሰዓት በላይ በእግሯ ትመጣለች። መስከረም ላይ ተመዝግባ እስከ ጥር አንድም ቀን አልቀረችም። ማንም ሳይረዳት የመጀመሪያውን ቃል ያነበበችው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከገንፎው ዱቄት ጆንያ ላይ ነው፤ «ለተማሪዎች» ይላል። ያን ቀን የጮኸችውን ጩኸት ቢሰሙት ኖሮ! ገንፎው ሲቆም ሁለት ሳምንት ሙሉ ባዶ ሆዷን ተመላለሰችና አንድ ጠዋት የባንዲራ ሰልፍ ላይ ተዝለፍልፋ ወደቀች። እናቷ ስንጠራቸው መጡ፤ ማንንም አልወቀሱም፤ ወንዝ ዳር ወድቃ ከምትቀርብኝ ቤት ትዋልልኝ ብቻ ብለው እጇን ይዘው ሄዱ። ሐዳሳ ስትሄድ ሰማያዊ የላስቲክ ኩባያዋን ሰጠችኝና ገንፎው ሲጀመር እንዳስጠራት አደራ አለችኝ። ኩባያው ጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ ነው። ጠመኔ ላወጣ መሳቢያውን በከፈትኩ ቁጥር አየዋለሁ።

በአሠራራችን መሠረት ሠላሳ ቀን የቀረ ልጅ ስሙ ከመዝገብ ይሰረዛል። የሐዳሳ ሠላሳኛ ቀን የፊታችን ዓርብ ነው፤ የምሰርዛትም እኔው ነኝ። ብዙ ልጅ ሰርዣለሁ፤ ይህችን ግን እጄ እሺ አላለኝም። ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ቀልዱ ይቅርና፣ ዱቄቱ ከዓርብ በፊት እንዲመለስልን እለምንዎታለሁ። ወተቱ ይቅር፤ የምስክር ወረቀቱንም ከፈለጋችሁት ተወልውሎ ይመለስላችኋል።

ለስብሰባዎ ማጠርን፣ ለቁርስዎ መጣፈጥን፣ ለመንገድዎ ጥላን እየተመኘሁ፣ ያለ ፈቃድዎ በመራባችንም በመድከሜም ይቅርታ እየጠየቅሁ እሰናበታለሁ።

እስከ ሃያ መቁጠር የምታስተምረው ታዛዥዎ
መምህርት ጵርስቅላ ሽብሩ

ግልባጭ፦
ለወይዘሮ ሀሚዳ (ማድ ቤት፣ ከምስክር ወረቀቱ ሥር)

የተረሳ ነገር፦ ጸሐፊዎ በትሕትና እንዳስረዱኝ ከሆነ፣ ያቋረጡ ልጆች ቁጥር እንደ ድሮው ሃያ ሲሞላ ገንፎው እንዲመለስ እንደ አዲስ ማመልከት ይቻላል። ደስ ይበልዎ፣ አሥራ ዘጠኝ ደርሰናል፤ ዓርብ ሐዳሳን ስሰርዝ ሃያ ይሞላል። ገንፎው ያን ጊዜ ይመጣል፤ ገንፎ የሚሰጠው ግን ስሙ መዝገብ ላይ ላለ ልጅ ብቻ ስለሆነ፣ ኩባያዋን ለማን እንደምሰጠው በደብዳቤ ቢያሳውቁኝ።