የጎርፉ ምልክት

ግንቦት 20 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ ነቀምቴ

የሰማህ ላልሰማ አሰማ፤ ዛሬ ጺሜን ተላጭቻለሁ።

ቁም ነገሩ ግን የሰፈራችን ጅረት ጉዳይ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ የላከው ወጣት መሐንዲስ ውሃውን ወደ ጥንት መንገዱ ሊመልሰው፣ ዳሩንም በግንብ ፈንታ ድንጋይ በታጨቀበት የሽቦ ቅርጫት ሊይዘው ነው። እዚህ አገር የሞከረው የለም።

«ሽቦህ የክረምቱን ጎርፍ ይችላል?» አልኩት።

«ይችላል አባባ፤ ጎርፉ ድሮ እስከ የት እንደደረሰ ካሳዩኝ።»

«አባቴ ያሳየኝ ምልክት ይህ ነው» ብዬ በዱላዬ አሳየሁት፤ ችካል ተከለበት። የቅርጫቱን ቁመት የሚወስነው በዚያ ነው። ከችካሉ በላይ ያለው የመጀመሪያው ቤት የልጄ የጫልቱ ነው።

«አባኮ፣ ከዚህ በእርግጥ አያልፍም?» አለችኝ።

«ካለፈ ዋና አስተምርሻለሁ።»

እሷ ሳቀች። ነገ ሥራ ይጀመራል፤ ክረምቱም ደርሷል። አባቴ ያሳየኝ ምልክት ነው ያልኩት ፈጠራ ነው። ዱላዬን ያሳረፍኩት እግሬ በደከመኝ ቦታ ነው።