ጧሪ የላትም

አሰብ፣ ሐምሌ 11 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለምወድሽ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? ባለቤትሽስ ወገቡን ተሻለው? እኛ ሙቀቱ እንደምታውቂው ሆኖ በእግዚአብሔር ቸርነት አለን። አለን ማለት ከተቻለ።

ይህን ደብዳቤ ከሠልስት በፊት እንዳይሰጥሽ አጎታችንን አደራ ብዬዋለሁ። ስለዚህ አሁን መርዶሽን ሰምተሽ፣ አልቅሰሽ፣ ለቅሶ ደራሹም ቀለል ብሎልሽ ይሆናል። እግዚአብሔር ያጽናሽ። የእናት መርዶ በወረቀት አይነገርም ብዬ ነው አስቀድሜ ያልጻፍኩልሽ።

አሁን የምጽፍልሽ እንዴት እንደሆነ ነው። በዚህ መንገድ የሚመላለሱ ሹፌሮች ወሬ ያደርሳሉ፤ "ወንድምሽ እናቱን ካደ" ብለው መንገራቸው አይቀርም። እውነታቸውን ነው። ግን ለምን እንደካድኩ፣ በኋላም ምን እንዳደረግኩ ከእኔው ስሚው። በተራ ላስቀምጥልሽ። ታውቂኝ የለ፣ ነገርን በተራ ካላስቀመጥኩ ራሴን ያዞረኛል።

አንደኛ፣ በሽታዋ። የልቧ ነገርና የደም ግፊቷ ነው። ሐኪሙ ሦስት ዓይነት ኪኒን አዘዘና "ዕድሜዎን ሙሉ የሚዋጥ ነው" አላት። እማዬም "ዕድሜዬን ሙሉ ማለት አሁን ስንት ይሆናል ዶክተር?" ብላ አሳቀችው።

ሁለተኛ፣ አቅም። ከአባታችን ሞት በኋላ የሚደርሳት ጡረታ ያው ነው፣ አይንቀሳቀስም። መድኃኒቱ ግን በሄድኩ ቁጥር ይጨምራል። የእኔ መሥሪያ ቤት ክሊኒክ ሚስትና ልጅ ያክማል፣ ወላጅ አያክምም። ኃላፊዬን ብለምነው "ታዲያ እናትህን ልጄ ናት ብለህ አስመዝግባታ" አለኝ። ቀልዱን ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም። አንቺ ከአስተማሪ ደመወዝሽ ቆርሰሽ የምትልኪውን አውቃለሁ፤ ጨምሪ ለማለት አፌ እምቢ አለኝ።

ሦስተኛ፣ ወረቀቱ። አብሮኝ የሚሠራ አንድ ሰው ለአክስቱ ያደረገውን ነገረኝ። የቀበሌ የነፃ ሕክምና ወረቀት የያዘ ሰው ሆስፒታል ካርዱም፣ ምርመራውም፣ መድኃኒቱም በነፃ ነው። ጡረታዋ ትንሽ ስለሆነ ይፈቀድላታል፤ ግን ጧሪ የሌላት መሆን አለባት። ደመወዝ የሚበላ ልጅ ካላት አይሰጧትም። "እማትታወቅበት ቀበሌ ቤት ተከራይላትና ብቻዋን ናት በል" አለኝ።

ለእማዬ ነገርኳት። ሰምታኝ ስታበቃ "እኔ ምን ልበል ነው የምትለው?" አለች።

"ልጅ የለኝም በይ" አልኳት።

"አልልም።"

"ለወረቀቱ ብቻ ነው እኮ እማዬ።"

"ሁለት ወልጄ የለኝም ስል እግዜር ሰምቶ እሺ ቢለኝስ? ያን ጊዜ በየትኛው ኪኒን ልድን ነው?" አለችኝ።

ስንት ቀን ለመንኳት። ባለቤቴም ለመነቻት። መጨረሻ ላይ የተስማማነው እሷ ምንም ላትል ነው። የምዋሸው እኔ።

ከራሔይታ የመጣች መይረም የምትባል የአፋር ሴት አለች፤ ከግቢዋ አንዲት የሳንቃ ክፍል ተከራየሁላት። ለመይረም "የአገሬ ሰው ናት፣ አሳዝናኝ ነው" አልኳት። ለልጆቹ ደግሞ አያታችሁ ደሴ፣ አክስታችሁ ጋ ሄደች አልኳቸው። ልጅ ምስጢር አይችልም። ትንሿ ልጄ ትምህርት ቤት ሄዳ አንድ ነገር ብታወራስ እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ።

ቀበሌው ስንቀርብ ሦስት ሰዎች ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጠዋል። የሚጽፈው ጓድ ጫኔ የሚባለው ነው። "እማማ፣ ልጅ የለዎትም?" አላት። እማዬ የነጠላዋን ጥለት እያሻሸች መሬት መሬቱን አየች።

"ጆሮዋ ከብዷል" አልኩ።

"አንተስ ምኗ ነህ?"

"የአገሯ ሰው ነኝ። ጧሪ የላትም።"

ይህን ስል ቀና ብላ አየችኝ። እህቴ፣ ያንን አስተያየት ልጽፍልሽ አልችልም።

ከተቀመጡት አንዱ "ጓድ፣ የአገራችሁ ሰው ሁሉ አፍንጫው አንድ ነው እንዴ? ከአንድ ፋብሪካ የወጣችሁ ነው የምትመስሉት" ብሎ ሳቀ። ሁሉም ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ላቡ ግን በጀርባዬ ይወርዳል። ጓድ ጫኔ አልሳቀም። ወደ እሷ ጎንበስ ብሎ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ "ይህ ሰው የሚለው እውነት ነው ወይ እማማ?" አላት። በቃ አለቀልን ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

"መልካም ሰው ነው" አለች እማዬ። "የወለደችው እናት ትባረክ።"

ማኅተሙን መቱልን።

ከዚያ ቀን ወዲያ "እርስዎ" ትለኝ ጀመር። መጀመሪያ ሰው ፊት ነበር። ኋላ ብቻችንን ስንሆንም "ይግቡ ጌታዬ፣ ይቀመጡ" ማለት ሆነ። "ተይ እንጂ እማዬ፣ ማን አለና ነው?" ስላት "ካለመድኩት ያመልጠኛል። አንድ ቀን ልጄ ብዬህ ቢሰሙ፣ ዋሽተሃል ብለው አንተን ሲያስሩብኝ እኔን ማን ሊያየኝ ነው?" አለችኝና ወዲያው ደግሞ "ይቅርታ ጌታዬ" አለች። እየቀለደችብኝ ይሁን እያዘነችብኝ አልለይ አለኝ።

ወረቀቱ ሠራ ወይ ብትይኝ፣ ምርመራው ላይ ሠርቷል። የሆስፒታሉ መድኃኒት ክፍል ግን መጀመሪያ ሰጠን፤ ሁለተኛ ስንሄድ "ይኼኛው የለም" አለ፤ ሦስተኛ ስንሄድ "ሁሉም አልቋል፣ ከውጭ ግዙ" አለን። ወረቀቱን ይዤ ገበያ ካለው መድኃኒት ቤት ሄድኩ። ሻጩ ማኅተሙን ገልበጥ አድርጎ አየና "ይኼ እኛ ጋ አይሠራም ወንድሜ" ብሎ መለሰልኝ። እናቴን የሸጥኩበት ወረቀት ነው እኮ፣ ልለው ነበር።

የቻልኩትን ያህል ገዛሁ። እሷ አንዱን ለሁለት እየከፈለች ዋጠችው። እግሯ አበጠ። ከሥራ ስወጣ እየሄድኩ በቀዝቃዛ ውኃ አጥብላት ነበር። ከዚያ የሰኔው ትኩስ ነፋስ መጣና ትንፋሿን አሳጠረው።

አራተኛ... እህቴ፣ ተራው ጠፋብኝ። ይቅር።

ሥራ ላይ ሳለሁ ነው። አጠገቧ የነበረችው መይረም ናት። "ልጄን ጥሪልኝ" አለቻት አሉ። መይረም "ልጅ አለሽ እንዴ?" ብትላት እማዬ ደንግጣ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ከዚያ ወዲያ አልተናገረችም። እኔ ስደርስ ፊቷ ተሸፍኖ ነበር። መይረም ወደ ጥግ ሳብ አድርጋኝ "እኔ እንደሁ ድሮም ጠርጥሬያለሁ። የአገሩን ሰው እግር የሚያጥብ ወንድ የት አገር ነው ያለው?" አለችኝ።

ጧሪ የሌለውን የሚቀብረው ቀበሌ ነው። ሳጥን አመጡ። ጓድ ጫኔ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ "ጓድ፣ አንተ ከበቂ በላይ አድርገሃል። ሥራ ካለብህ መሄድ ትችላለህ" አለኝ። አልሄድኩም። ከተሸካሚዎቹ አንዱ ሆኜ ተሸከምኩ። ሰዎቹ መንገድ ላይ ስለ ዓሣ መወደድ ያወራሉ። የሚያለቅስ የለም። ባለቤቴ ከሴቶቹ ኋላ ከንፈሯን ነክሳ ትመጣለች።

ቤተ ክርስቲያን ስንደርስ ቄሱ ፍትሐት ሊጀምሩ "የክርስትና ስሟ ማን ነው?" ብለው ጠየቁ። ጓድ ጫኔ ወደ እኔ ዞሮ "አንተ የአገሯ ሰው፣ ታውቀዋለህ?" አለኝ። የክርስትና ስም የንስሐ አባትና ልጅ ነው የሚያውቀው። የአገር ሰው ከየት ያውቃል?

"እኔ እንጃ" አልኩ።

"ካልታወቀ ወለተ ማርያም እንላታለን፤ እመቤታችን ታውቃታለች" አሉ ቄሱ። ሁሉም እሺ አሉ።

ጸሎቱ ተጀመረ። ወለተ ማርያም ባሉ ቁጥር ለሌላ ሰው የሚጸልዩ መሰለኝ። እማዬ እዚያ ሳጥን ውስጥ ተኝታ፣ ስሜ አሁን ይጠራል፣ አሁን ይጠራል እያለች የምትጠብቅ መሰለኝ።

"አባ፣ ይቁሙልኝ" አልኩ። "ወለተ ሐዋርያት ናት።"

"በምን አወቅክ?" አለኝ ጓድ ጫኔ።

"እናቴ ናት" አልኩት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በደንብ አላስታውስም። ባለቤቴ ጮኸች። እኔም "እማዬ" እያልኩ ስጮህ ሰው ያዘኝ። የዓሣውን ወሬ ሲያወሩ የነበሩት ሰዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ማልቀስ ጀመሩ። ቄሱ ማንንም አላዩም፣ ምንም አልጠየቁም፤ ፍትሐቱን እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩት። በስሟ ተፈትታለች እህቴ። ይህን እወቂልኝ።

የዚያን ዕለት ማታ ለልጆቹ እውነቱን ነገርኳቸው። ትንሿ አለቀሰች። ትልቁ እስካሁን አያናግረኝም፤ ልክ ነው።

ዛሬ ጓድ ጫኔ ለቅሶ ደረሰ። እንደ ሰው "እግዜር ያጥናህ" ብሎ ንፍሮ ዘግኖ ቆየ። ሲወጣ በር ድረስ ሸኘሁት። ነገ ጠዋት ቀበሌ መጥተህ ቃልህን ትሰጣለህ፣ ብርድ ልብስ ይዘህ ና አለኝ። ባለቤቴ ስነግራት "በሐምሌ? አሰብ ላይ?" ብላ ልትስቅ ነበር። ከዚያ ልታጥፈው ገባች።

የአርባዋን ተዝካር አንቺ አውጪ፤ እኔ እስከዚያ ላይመቸኝ ይችላል። ልጆቹን ይህን ደብዳቤ የያዘው ሹፌሩ ሸዋንግዛው በሚቀጥለው ጉዞው ያመጣልሻል፤ ክረምቱን አንቺ ጋ ይክረሙ። መስከረም ላይ እዚያው ብታስመዘግቢያቸውም አልቃወምም። ትንሿ ፀሐይ ሲነካት ነስር አለባት፣ ባዶ ራሷን አታውጫት። ትልቁ ሰው ሲቆጣው መብል ይተዋል፣ በቀስታ ያዥው። መልስ ስትጽፊ በባለቤቴ ስም አድርጊው።

የእማዬ አምላክ ቤትሽን ይጠብቅልሽ። ልጆችሽን ጧሪ ቀባሪ ያድርግልሽ፤ ሲጠሩሽ የምትሰሚ ያድርግሽ፣ ስትጠሪያቸው የሚደርሱልሽ ያድርጋቸው። ይቅር በይኝ።

የእናትሽ ልጅ